ክሊቭላንድ የሄደው የዘር ቆጠራ

ባለፈው ክረምት ሰቆጣ ሄጄ ባጃጅ ስሳፈር አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ መቷቸው ኖሮ የለበሱት የበግ ጠጉር ባና ርሶ ከብዷል። እርጥብ ባና በግ በግ፣ ጭስ ጭስ፣ ትንሽም የቆየ ቅቤ ይሸታል። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶን አፍንጫውን ሸበሸበ። እኔ ግን ይባስ ተጠጋሁ። "ልጄ፣ በረደሽ እንዴ?" አሉኝ ሽማግሌው። አያቴን አያቴን ሸተቱኝ ብላቸው እንደ እብድ ያዩኛል ብዬ "አዎ አባቴ፣ በረደኝ" አልኩ። ምን ሲደረግ ይበርደኛል! እሳቸው ግን አምነውኝ የባናቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እስክወርድ ድረስ ያን ሽታ እየማግሁ፣ አያቴ ደብዳቤ ያጻፉኝን ያቺን ዓመት ሳስብ ሄድኩ።

አያቴ አብዬ ምሩጽ የደሃና ሰው ናቸው። ሰቆጣ የመጡት ለሙግት ነበር። የርስት ሙግት ደግሞ የዛሬ ሳምንት፣ የዛሬ ወር እየተባለ ዕድሜ ይበላል። ከደሃና ሰቆጣ ሲመላለሱ እግራቸው ቢላጥ "ከመመላለስስ መቀመጥ" ብለው እዚሁ ጎጆ ቀልሰው፣ ሚስትና ልጆቻቸውን አምጥተው ተሟገቱ። አሥራ አንድ ዓመት። በመጨረሻም ረቱ።

ረቱ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በእኛ ቤት ያ ፍርድ ከፋሲካ እኩል ነበር የሚነሣው። ንጉሤ የሚባል ሰው "ምሩጽ የኪዳኔ ዘር አይደለም፤ ከኪዳኔ ርስት ሊካፈል አይገባውም" ብሎ ተከራከራቸው። ኪዳኔ ያንን አገር መጀመሪያ ያቀናው ሰውዬ ነው። አብዬ መስቀል ጨብጠው "ኪዳኔ ወልዱን ወለደ፣ ወልዱ ዓለሙን ወለደ፣ ዓለሙ እኔን ወለደ" ብለው ማሉ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለውን ጥቁር መሬትም ተካፈሉ። ብዙም ሳያርሱት አብዮቱ መጣና መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። "አሥራ አንድ ዓመት ተሟግቼ ያገኘሁትን በአንድ ቀን ሬዲዮ ወሰዱት" ይሉ ነበር አብዬ። ይህን ሲሉ ለምን እንደሚስቁ ያኔ አይገባኝም ነበር።

አብዮቱ ያልሻረው ሌላው ሥራቸውን ነው። በእኛ አገር ወንድና ሴት ሊጋቡ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ የሚያገናኛቸው ሰው ከተገኘ ዘመዳሞች ናቸውና አይጋቡም። አብዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ ትውልድ ግን እሳቸውን የሚያህል ቆጣሪ አልነበረም። የገበያ ዕለት የወንድ ወገንና የሴት ወገን ከነአቧራቸው መጥተው ግቢያችን ይቀመጣሉ። አብዬ አጎዛቸውን ያነጥፉና "ስንዱ፣ ባቄላ!" ይላሉ። ስንዱ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፤ የባቄላው ኃላፊ ነኝ።

አንዱን ባቄላ ለልጁ፣ አንዱን ለልጅቷ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ከዚያ ወደ ላይ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ እያጉተመተሙ ሁለት ረድፍ ይደረድራሉ። ሁለቱ ረድፎች አንድ ሰው ላይ ከገጠሙ በመዳፋቸው ጥርግ አድርገው "ወንድምና እኅት ናቸው፤ ሂዱ" ይላሉ። ካልገጠሙ እልል ይባላል።

እኔ ታዲያ ባቄላዎቹ ሰዎቹ ራሳቸው ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን የተቆላ ባቄላ ተቀላቅሎ ኖሮ፣ ሰው ሳያየኝ ከረድፉ አንዱን አንስቼ ቆረጠምኩት። ለካ የአንዲት ሙሽራ ቅም አያት ነው! አብዬ ወደ ረድፉ ቢመለሱ አንድ ትውልድ ጎድሏል። "ኪሮስ የት ሄደ?" አሉ ወደ ባቄላው አጎንብሰው። እኔ አፌ ውስጥ ኪሮስን ይዤ ዝም። ሦስት ቀን ሆዴን እያዳመጥሁ ከረምኩ፤ ሽማግሌው ይናገረኝ ይሆን ብዬ።

አጎቴ ታደሰ የአብዬ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ንጉሡ ሳይወርዱ ለትምህርት ተልኮ አሜሪካ ሄደና አገሩ ሲታመስ እዚያው ቀረ። የሚኖርበት ከተማ ክሊቭላንድ ይባላል። እኔ የማውቀው ከተማ ሰቆጣን ብቻ ስለሆነ፣ ክሊቭላንድን ከአበርገሌ ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ ተከዜ ማዶ አስቀምጬው ነበር። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ፖስታው ቀድሞ ተከፍቶ በሙጫ ተለጥፏል፤ ያኔ የውጭ አገር ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም። አባቴ ወልድያ ለንግድ ሄዷል። ስለዚህ አንባቢዋ እኔ ነኝ።

"ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ብርዱ ከባድ ነው። የከተማው ሐይቅ ረግቶ ሰው በላዩ ይሄድበታል..."

"ቆይ" አሉ አብዬ። "በውኃ ላይ?"

"በላዩ ይላል አብዬ።"

"ቅዱስ ጴጥሮስ እንኳ ሰጥሟል። ይህ ልጅ መዋሸት ጀመረ። እሺ፣ ቀጥይ።"

"እዚህ አገር አብዛኛው ሰው ከአያቱ በላይ አያውቅም። ትውልዱን ማወቅ የፈለገ መዝገብ ቤት ሄዶ ያገላብጣል..."

አብዬ ባናቸውን ሰበሰቡ። ስለ ሐይቁ ያልደነገጡትን በዚህ ደነገጡ። "ታዲያ ሲጋቡ እንዴት ያደርጋሉ?"

"እንጃ፤ አልጻፈም።"

"እንደ ፍየል ነዋ!" አሉና እናቴን ዞረው አዩ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። የዚያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅነው ያኔ ነው።

ደብዳቤው ሲቀጥል እንዲህ ይላል። ታደሰ አንዲት ነርስ ተዋውቋል። አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ያደገች ናት፤ አገርሽ የት ነው ቢላት ደሃና አለችው። "ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ፈራሁ። አባቴ፣ ሰባት ቤት ይቁጠሩልን። ከተገናኘን እተዋታለሁ፤ የእርስዎ ቃል ቃሌ ነው። ግን እሷን ከተውኩ ሌላ አላገባም፤ ይህንንም ይወቁልኝ። ስሟ አልማዝ ንጉሤ ካሣ ነው። ከዚያ በላይ ረዳ የሚባል እንዳለ ታውቃለች።"

"ድገሚው" አሉ አብዬ።

"አልማዝ፣ ንጉሤ፣ ካሣ፣ ረዳ።"

እናቴ ብድግ አለች። "ያ ንጉሤ?"

"ያ ንጉሤ" አሉ አብዬ።

ባቄላ አመጣሁ፤ ሳልጠራ። አብዬ ደረደሩ። በዚህ በኩል ታደሰ፣ ምሩጽ፣ ዓለሙ፣ ወልዱ፣ ኪዳኔ። በዚያ በኩል አልማዝ፣ ንጉሤ፣ ካሣ፣ ረዳ፣ ኪዳኔ። አምስተኛው ላይ ገጠመ። ሰባት ቀርቶ ስድስት እንኳ አልሞላም። አብዬ ግን እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው ጥርግ አላደረጉትም፤ ጎንበስ ብለው ያዩታል።

"የጠላታችንም ልጅ ብትሆን ትሁን ብዬ ነበር" አለች እናቴ እያለቀሰች። "ዘመድ ከሆነች ምን ይደረጋል! ወንድሜ ብቻውን በሰው አገር ሊያረጅ ነው።"

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰፈሩ ሁሉ "ይቺ ልጅ ዓቃቤ ሕግ ናት" ይለኝ ነበር፤ ጥያቄ ከአፌ አይታጣም። "አብዬ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባል የለም? ንጉሤ ዘመዳችን ከሆነ ለምንድን ነው አንድ ቀን እንኳ የማይጠይቀን?"

"አፍሽን ያዢ!" አሉኝ።

አብዬ ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። ከባቄላው ይልቅ ፊታቸውን ማየት ጀመርኩ።

በማግስቱ መልሱን አጻፉኝ። "ልጄ ሆይ፣ አይሆንም። ዘመድ ናችሁ" ካሉ በኋላ "ስማቸውን በሁለት ረድፍ ጻፊለት፤ በዓይኑ ይየው" አሉኝ። በማስመሪያ አስምሬ፣ አሳምሬ ጻፍኩ። ደብዳቤው ፖስታ ቤት ገባ። ከሁለት ቀን በኋላ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ በራችን ላይ ቆመ።

"ጓድ ምሩጽ ለጥያቄ ይፈለጋሉ። ጸሐፊያቸውም።"

"የምን ጸሐፊ?" አለች እናቴ።

"እኔ ነኛ!" አልኩ። ደስ ብሎኝ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ለመልበስ ሮጥኩ። እናቴ ቀሚሴን ስትቆልፍልኝ ቁልፉን ለምን ደጋግማ እንደምትስት አልገባኝም። ያኔ ለጥያቄ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው በየሰፈሩ ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ወልድያ ተወልዶ ሰቆጣ ያገባ ጎልማሳ ነው። ኽምጣኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ የእጅ ጽሑፌን ሳየው ኮራሁ።

"ይህ የስም ዝርዝር ምንድን ነው?"

"የዘር ቆጠራ ነው" አሉ አብዬ።

"ዘጠኝ ሰዎች አሉ፤ በሁለት ቡድን። ኪዳኔ የሚባለው ሁለቱም ላይ አለ። መሪያቸው እሱ ነው?"

"መሪያቸው ብቻ? የሁሉም አባት ነው እንጂ።"

"የት ነው ያለው?"

"ደሃና ነው።"

"ይጠራ!"

"ያለው አጽሙ ነው ጌታዬ።"

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አነሣ። "ረዳስ?" "ሞቷል።" "ካሣ?" "ሞቷል።" "ወልዱ? ዓለሙ?" "ነፍሳቸውን ይማረው።" "እነዚህን ሁሉ ማን ነው የገደላቸው?"

"እግዜር ነዋ" አሉ አብዬ።

ሳቄ አመለጠኝ። ሊቀ መንበሩ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ተመለሰና "ይህ ንጉሤ የሚባለውስ?" አለ።

አብዬ "እሱ አለ" አሉ።

"እንግዲያው ይምጣና ዘመድ መሆናችሁን ይመስክር። ዝርዝሩ የዘር ቆጠራ ከሆነ ያኔ ይለያል። ካልሆነ ግን ጓድ ምሩጽ፣ ወደ አሜሪካ የተላከ የስም ዝርዝር ማለት ምን እንደሆነ ያውቁታል። እስከዚያ ከሰቆጣ እንዳይወጡ።"

ቤት ስንመለስ እናቴ ነገሩን ሰምታ ደረቷን መታች። አሥራ አንድ ዓመት ዘመዴ አይደለም ሲል የኖረው ንጉሤ ነው ሊመሰክር የሚመጣው! አንዴ "አላውቀውም" ቢል አብዬ አለቀላቸው። "እጁ ላይ ጣለን" አለች። "ንጉሤ ይህን ቀን ሲለምን ነው የኖረው።"

ንጉሤን ከደሃና የሚያመጣው መልእክተኛ ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። በዚያ ጊዜ አብዬ እህል አልበላ አላቸው። ጠላ ቢቀዳላቸውም ከንፈራቸውን አርሰው ያስቀምጡታል። ሊቆጠርላቸው የመጡትን ሰዎች "አሞኛል" ብለው መለሱ። ቀን ቀን ግቢ ውስጥ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ያንን የታደሰን ረድፍ ይደረድራሉ። አራተኛውን ባቄላ ያነሣሉ፤ ያዩታል፤ ይመልሱታል። ደግሞ ያነሣሉ። እኔ ብቻቸውን ገበጣ የሚጫወቱ መስሎኝ "አብዬ፣ እኔም ልግባ?" አልኳቸው። ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። አራተኛው ወልዱ ነበር።

ንጉሤ መጣ። በልጅ አእምሮዬ ቀንድ ያለው ሰው ነበር የምጠብቀው። ሰውዬው አጭር፣ ሳል ያለበት፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሆኖ አገኘሁት። የስንቁን በሶ በትንሽ ስልቻ አንጠልጥሏል። ከአብዬ ጋር ሰላም አልተባባሉም። ቀበሌው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በየጫፉ ተቀመጡ። መሐል ያለሁት እኔ ነኝ።

"ልጅዎ አልማዝ አሜሪካ ነው ያለችው?" አለ ሊቀ መንበሩ።

ንጉሤ ደነገጠ። "ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም። የእሳቸው ልጅ ሊያገባት ፈልጎ ዘር ሲያስቆጥር ዘመድ ናችሁ፣ አትጋቡም ተብሏል። እውነት ዘመድ ናችሁ?"

ንጉሤ ይህን ሁሉ የሰማው ገና እዚያ ነው። አሳለው። ሳሉን ጨርሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ አብዬን ሳያይ ተናገረ። "እኔን አይጠይቁኝ ጌታዬ። እኔ አይደለም እያልኩ አረጀሁ፤ ዳኛ ግን ዘመድህ ነው አለኝ። ይህ ሰው መስቀል ጨብጦ ነው ዘመዴ የሆነው። ዛሬም እሱ ይናገር። እሱ ያለውን እኔ ብያለሁ።"

እናቴ የፈራችው ነገር እንዲህ አለፈ። አብዬ አንዲት "አዎ" ቢሉ ነጻ ናቸው፤ ደብዳቤው ይሄዳል፤ ታደሰም ልጅቷን ይተዋታል። ሁሉም አብዬን ያያል። አብዬ ባናቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ ንጉሤ ዞረው በኽምጣኛ ጀመሩ።

"በአማርኛ!" አለ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን መትቶ።

"አማርኛው ጠፋኝ" አሉ አብዬ። አሥራ አንድ ዓመት በአማርኛ ተሟግተው የረቱት ሰውዬ! እኔ የምር የጠፋቸው መስሎኝ ደነገጥሁ።

"አንቺ ልጅ፣ ቋንቋውን ትሰሚያለሽ? ተርጉሚ።"

እሰማለሁ። አብዬ እየተናገሩ ነው፤ የሚናገሩት ደግሞ ለንጉሤ ብቻ ነው። በክፉ ቀን፣ ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ዘመን፣ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ከአበርገሌ በኩል ወጣች አሉ። ኪዳኔ አጥር ሥር ወድቃ ሞተች። ኪዳኔ ሕፃኑን አነሣው፤ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ በጎረቤት ፊት አስላሰውና በአገራችን ወግ የጡት ልጁ አደረገው። ወልዱ አለው። "አባቴ ሊሞት ሲል ነገረኝ፤ ሆድ ይፍጀው አለኝ። ንጉሤ፣ አንተ እውነትህን ነበር። ይህን እያወቅሁ መስቀል ጨብጬ ማልኩ። መሬትህን አርሼ በላሁ። ቁርባን የተውኩት ለዚህ ነው፤ ካህኑ ሲጠይቁኝ ጉልበቴን ያመኛል እላለሁ። ታደሰ የኪዳኔ ደም የለበትም። በእናትም በኩል አንገናኝም፤ ልጅህ እኅቱ አይደለችም።"

አብዬ ያለቅሱ ነበር። ሽማግሌ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ድምፅ የለውም፤ እንባው በጢማቸው ውስጥ ይገባል።

"ምን አሉ?" አለኝ ሊቀ መንበሩ።

በሐሰት የማለ ሰው እንደሚታሰር በግቢያችን ከሚሰበሰቡት ባላገሮች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። "ዘመድ አይደለንም ይላሉ" አልኩ።

"ይህን ሁሉ አውርተው?"

"ኽምጣኛ ረጅም ነው" አልኩት።

ንጉሤ ዘወር ብሎ አየኝ። አማርኛ ከእኔ የተሻለ ያውቃል፤ ምን እንደቀነስኩ ገብቶታል። አንዴ "አስተርጓሚዋ ዋሽታለች" ቢል አበቃልን። እኔም አየሁት። በምን ዓይነት ዓይን እንዳየሁት እንጃ፤ ብቻ ለረጅም ጊዜ አየኝና ወደ አብዬ ተመለሰ።

"ይህችን ቃል ለመስማት ነው በሬዎቼን ሸጬ የተመላለስኩት" አለ በኽምጣኛ። "የሰማሁ ቀን አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። አሁን ብሰማት ምንም የለም። መሬቱ ላንተም ለእኔም አልሆነ። አንተ አርጅተሃል፣ እኔ አርጅቻለሁ።" አሳለውና ቀጠለ። "ምነው ያኔ ብትነግረኝ፤ ከመሬቴ ቆርሼ እሰጥህ ነበር እኮ!"

አብዬ አንገታቸውን ደፉ። ንጉሤ በትሩን ተደግፎ ተነሣ፤ በአማርኛም እንዲህ አለ። "ጌታዬ፣ ይህ ሰው ዘመዴ አይደለም። አማቼ ነው። ልጄን ለልጁ ሰጥቻለሁ፤ ይጻፍልኝ።"

ሊቀ መንበሩ ራሱን አከከ። ዘመድ መሆናቸው እንዲረጋገጥለት ጠርቶ፣ አለመሆናቸው ተረጋገጠለት፤ ዝርዝሩ ግን ለጋብቻ የተቆጠረ ዘር መሆኑን አመነ። "ሰባት ቤት መቁጠር የፊውዳል ሥርዓት ቅሪት ነው" ብሎ ትንሽ ገሠጻቸው። ግን ወረቀት ጀምሮ ሳይጨርስ መተው የማይሆንለት ሰው ነበርና፣ ዝምድና እንደሌላቸው ጽፎ፣ ከሥሩ "አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት" ብሎ፣ ክቡን ማኅተም ደለቀበት። በዚያ ዓመት በመንግሥት ማኅተም የተፈቀደ ጋብቻ የታደሰ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ንጉሤ ያን ዕለት እኛ ቤት ዋለ። እናቴ እግሩን አጠበችው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ "አያ ንጉሤ" አልኩት፤ እስከዚያ ድረስ በደረቁ ነበር የምንጠራው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ያጻፉኝ በማግስቱ ጠዋት ነው። አብዬ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርሳቸውን ጨርሰው በልተው ነበር። "ልጄ ሆይ፣ አግባት። እኔና አባቷ ፈቅደናል" አሉኝ፤ ጻፍኩ። ከዚያ የሐሰት መሐላቸውን፣ የማሩን ነገር፣ ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። "ልጆች ትወልዳለህ፤ ሲጠይቁህ እንዳትዋሻቸው። እኔ ዋሽቼ ምን እንዳተረፍኩ አይቻለሁ። እውነተኛው ቆጠራህ ይህ ነው። ታደሰ፣ ምሩጽ፣ ዓለሙ፣ ወልዱ።"

"ከወልዱ በላይስ?" አልኩ። ረድፍ ጎደሎ ሲሆን አልወድም።

"እናቱ። ከአበርገሌ በረሃብ የመጣች ሴት ብለሽ ጻፊ።"

"ስሟስ?"

"ስሟን የጠየቃት የለም። እንዲያው ጻፊው፤ ስሟን የጠየቃት የለም በዪ።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። ስሟን የጠየቃት የለም! እኔ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአህያውን ስም ሳይቀር የምጠይቅ ልጅ፣ ይህ አልዋጥልህ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው አጥሩ ሥር ቆሞ፣ ማሩን ሲያመጣ፣ ምስክር ሲጠራ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ "ማን ትባያለሽ?" ቢላት ምን ነበረበት? በሁሉም ተናደድኩ። በኪዳኔም፣ በጎረቤቶቹም። እዚያ ብኖር እጠይቃት ነበር። እንዲህ እያልኩ አንገቴን አቀርቅሬ "ስሟም ስንዱ ይባላል" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የሴት ስም ቶሎ አልመጣልኝም።

"ጻፍሽው?"

"ጻፍኩት አብዬ።"

"አንብቢልኝ።"

እሳቸው ያሉትን፣ ቃል በቃል፣ እንዳሉት አነበብኩላቸው። "ደግ" አሉ። የቀበሌው ወረቀት ተጨምሮበት ደብዳቤው ሄደ፤ ማኅተሙን አይተው ነው መሰለኝ የጠየቀን የለም። አብዬ በስተርጅናቸው ያን ሁሉ ተዋርደው ወደ ቦታው የመለሱትን ቆጠራ እኔ በአንዲት መስመር እንዳበላሸሁት ሳያውቁ፣ በቀጣዩ ጾም ፍቺ ቆረቡ። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሆኜ ሳያቸው ልናገር አስቤ ነበር። ደስታቸውን አይቼ ዝም አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ጊዜው አለፈ።

ባለፈው ዓመት ስልክ ተደወለልኝ። የታደሰና የአልማዝ የልጅ ልጅ ናት፤ ክሊቭላንድ የተወለደች፣ ዕድሜዋም ያኔ እኔ የነበርኩበት። ትምህርት ቤት ትውልዳችሁን ቆጥራችሁ ኑ ተብለው ኖሮ፣ ከክፍሉ ሁሉ ሰባት የሞላላት እሷ ብቻ ናት። አያቷ ታደሰ ያንን ደብዳቤ እንደ ታቦት ነው የሚያስቀምጠው። በተሰባበረ አማርኛዋ፣ አንቺ እያለችኝ ታወራለች፤ በጣቷ እየቆጠረች መሆኗ ከድምፅዋ ያስታውቃል። "እኔ አንድ። አባቴ ሁለት። ታደሰ ሦስት። ምሩጽ አራት። ዓለሙ አምስት። ወልዱ ስድስት። ስንዱ ሰባት።"

"ጎበዝ!" አልኳት።

"አንቺም ስንዱ ነሽ" አለችኝ። "የእሷን ስም ነው ያወጡልሽ?"

ዋሽቼ የማላውቅ ሰው ብሆን ኖሮ ያን ጊዜ እናገር ነበር። "አዎ" አልኳት።